ቅሪተ አካላት ስለ ሕይወት ታሪክ ምን ይነግሩናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አምስት ኪሎ የሚገኘውን ብሔራዊ ሙዚየም ከተማሪዎቼ ጋር በጎበኘሁ ቁጥር ድንቅነሽ ፊት ስንደርስ ጥያቄው ይዘንባል። ለቅሶ ቤት ስቀመጥም፣ ለበዓል ዘመድ ስጠይቅም፣ የባዮሎጂ መምህር መሆኔን የሰማ ሰው እነዚያኑ ጥያቄዎች ያነሣብኛል። እዚህ የሰበሰብኳቸው እነርሱን ነው። ሁሉንም እኩል አልመለስኳቸውም፤ አንዳንዱ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ያልቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ረጋ ብሎ መቀመጥን ይፈልጋል። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቅሪተ አካል ማለት የድሮ አጥንት ማለት ነው?

አጥንት ብቻ አይደለም። ጥርስ፣ ዛጎል፣ የቅጠል አሻራ፣ ዱካ፣ ሌላው ቀርቶ ድንጋይ የሆነ ፋንድያ ሳይቀር ቅሪተ አካል ነው። መልካ ቁንጡሬ ላይ 700 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የእግር አሻራዎች ተገኝተዋል፤ ከእነርሱም መካከል የትንንሽ ልጆች እግር አለበት።

ገጠር ያደገ ሰው እንደሚያውቀው በሬ ሞቶ የተጣለበት ሜዳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባዶ ነው። ጅብና ጥንብ አንሳ ይቀራመቱታል፣ የተረፈውን ፀሐይና ዝናብ ያደቁታል። አንድ አካል ለሚሊዮን ዓመታት እንዲቆይ ቶሎ መቀበር አለበት፤ በወንዝ ደለል፣ በሐይቅ ጭቃ ወይም በእሳተ ገሞራ አመድ። ከዚያም በከርሰ ምድር ውኃ የሟሙ ማዕድናት በአጥንቱ ቀዳዳዎች እየገቡ ይረጋሉ። ቅርጹ እንዳለ ይቀራል፤ የተሠራበት ነገር ግን ቀስ በቀስ ድንጋይ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚሳካው ከስንት አንዴ ስለሆነ ከነበረው ሕይወት የሚደርሰን እጅግ ጥቂቱ ነው።

ዕድሜውን በምን ያውቁታል? በካርቦን አይደለም እንዴ?

አይደለም። ካርቦን 14 የሚባለው ንጥረ ነገር በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ስለሚሄድ ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ የሚለካ ነገር አይተርፈውም። ለብራና መጽሐፍ፣ ለጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን እንጨት ይጠቅማል። 3 ሚሊዮን ዓመት ለሞላው አጥንት ግን ምንም አይፈይድም።

ለእንዲህ ያለው ዘመን ዕድሜው የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ አጥንቱ ሳይሆን የተቀበረበት አፈር ነው። መሶብ ውስጥ የተደራረበ እንጀራ ሲታይ ከታች ያለው ቀድሞ የተጋገረ እንደሆነ ማንም ያውቃል። የደለል ንጣፍም እንዲሁ ነው፤ የታችኛው ቀድሞ የተነጠፈ፣ የላይኛው ኋላ የመጣ። ይህ ግን ቅደም ተከተሉን እንጂ ዓመቱን አይናገርም። ዓመቱን የሚነግረን እሳተ ገሞራ ነው።

ቅልጥ ድንጋይ ሲፈነዳ በውስጡ የነበረው የአርጎን ጋዝ ይበናል። አመዱ ቀዝቅዞ ትንንሽ ክሪስታሎች ሲሠሩ በውስጣቸው ፖታሲየም አለ፣ አርጎን ግን የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፖታሲየሙ ውስጥ አንዱ ዓይነት በማይለወጥ ፍጥነት እየፈረሰ ከፊሉ ወደ አርጎን ይቀየራል፤ ግማሹ እስኪፈርስ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ተመራማሪው ክሪስታሉን በላቦራቶሪ አቅልጦ የተጠራቀመውን አርጎን ይለካል፤ አመዱ የወደቀበትን ዘመን ያገኛል። አጥንቱ በሁለት የአመድ ንጣፎች መካከል ከተገኘ ደግሞ ከታችኛው አመድ ያነሰ፣ ከላይኛው የበለጠ ዕድሜ እንዳለው እርግጠኛ ነን።

እንግዲህ ከንጣፉ ተነቅሎ ገበያ ላይ የወጣ አጥንት ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ ይታያል። አጥንቱ ውብ ሊሆን ይችላል። ከየትኛው አመድ በላይ፣ ከየትኛው በታች እንደነበረ ካልታወቀ ግን ዘመኑን ማን ይመሰክርለታል? ከነአፈሩ የተገኘ ቁራጭ ጥርስ ከነጠላ ሙሉ የራስ ቅል የበለጠ የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ደጋ ላይ የባሕር ዛጎል ከድንጋይ ውስጥ ሲወጣ አይተናል። የጥፋት ውኃ ምልክት ነው?

ይህን ጥያቄ በተለይ ከትግራይና ከጎጃም የመጡ ተማሪዎች ይጠይቁኛል፤ ዛጎሎቹን በዓይናቸው ስላዩ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። መስኮት አጠገብ ከተቀመጡ መንገዱ የቆረጠውን ገደል ልብ ብለው ይዩት። አናቱ ላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፤ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ወረድ ሲሉ ድንጋዩ እየነጣ ይመጣል፤ ይህ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት በባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ የኖራ ድንጋይ ነው። ዛጎሎቹ፣ የባሕር ቀንድ አውጣዎቹ፣ ኮራሎቹ ያሉት እዚህ ውስጥ ነው። ከእርሱ በታች ጀሶ ይመጣል። ታች ወንዙ አጠገብ ደግሞ ወደ 200 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ይቀበልዎታል። ከዚያ ወደ ደጀን ሲወጡ ያንኑ ታሪክ ከታች ወደ ላይ ይደግሙታል። መጀመሪያ የብስ ነበር፣ ከዚያ ጥልቀት የሌለው ባሕር፣ ከዚያ እውነተኛ ባሕር፣ ከዚያ ባሕሩ ሸሸ፣ በመጨረሻ እሳተ ገሞራ ሁሉንም ሸፈነው፤ ምድሩም ተገፍቶ ወደ ላይ ወጣ።

ወደ ውኃው ጉዳይ ስመለስ ጀሶው ራሱ መልስ አለው። ጀሶ የሚፈጠረው የባሕር ውኃ በፀሐይ እየተነነ ሲደርቅ ነው፤ አፋር ላይ የአሳሌ ጨው እንደሚረጋው። ሁሉን ያጥለቀለቀ አንድ ውኃ መሐል ላይ ደርቆ ጀሶ አንጥፎ እንደገና ሊሞላ አይችልም። ኮራሎቹም ዕድሜ ልካቸውን አንድ ቦታ ተተክለው ያደጉ ናቸው። ደግሞም ጎርፍ ያገኘውን ሁሉ ያደባልቃል። በዚያ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ግን የበግ አጥንት የለም፣ የበሬ የለም፣ የሰው የለም። ያለው የዚያ ዘመን የባሕር እንስሳ ብቻ ነው።

ሙገርና መሰቦ ሲሚንቶ የሚያመርቱት ከዚሁ ዘመን የኖራ ድንጋይ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚቆመው ሕንፃ ውስጥ የዚያ ባሕር ወለል ተፈጭቶ ገብቶበታል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሁልጊዜ የክፍሉን ግድግዳ ዞር ብለው ያያሉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዳይኖሰር ነበር?

ነበር። በሙገር ሸለቆ ከኖራ ድንጋዩ በላይ ባለው የጭቃ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች፣ የዓሣ ቅሪቶችና የአንዲት ትንሽ አጥቢ እንስሳ ጥርስ ተገኝተዋል። ግዙፍ አፅም አይደለም፤ አፈሩ በወንፊት እየተነፋ የተለቀመ ነው። ስለዚህም ብዙ ሰው አልሰማበትም።

ሕይወት ምድር ላይ የጀመረችው መቼ ነው?

አውስትራሊያ ፒልባራ በሚባል አካባቢ ጥቃቅን ሕዋሳት እየተደራረቡ የሠሯቸው ንብርብር ድንጋዮች አሉ፤ 3.48 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜ መስከረም 1 ጀምሮ ጳጉሜን 5 በሚያልቅ አንድ ዓመት ብንመስለው እንዲህ ይሆናል። ከመስከረም እስከ ሰኔ ምድር በአብዛኛው በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት መኖሪያ ናት። ዛጎልና ቅርፊት ያላቸው እንስሳት በብዛት የሚታዩት ሐምሌ 9 አካባቢ ነው። ዳይኖሰሮች የሚጠፉት ነሐሴ 29 ነው። ድንቅነሽ የምትመጣው የመጨረሻዋ ቀን ልታልቅ 8 ሰዓት ያህል ሲቀራት ነው። የእኛ ዝርያ በኦሞ የታየበት ጊዜ ደግሞ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው።

መንገዱ ግን ቀና አልነበረም። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ በሳይቤሪያ እጅግ ሰፊ እሳተ ገሞራ በፈሰሰበት ዘመን፣ ከባሕር ዝርያዎች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ደግሞ ዛሬ ሜክሲኮ በሆነው ምድር ላይ ግዙፍ አለት ከሰማይ ወደቀ፤ ዳይኖሰሮችም አለቁ። ሁሉም ግን አላለቁም። በ1861 ጀርመን ውስጥ ላባ ያለው፣ ጥርስም ያለው፣ ረጅም የጅራት አጥንትም ያለው 150 ሚሊዮን ዓመት የሆነው እንስሳ ከድንጋይ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ የተገኙት ላባ ያላቸው ዳይኖሰሮች ሲጨመሩበት ነገሩ ግልጽ ሆነ፤ ግቢያችን ውስጥ የምትጭረው ዶሮ ከዚያ እልቂት የተረፈ ወገን ናት።

መካከለኞቹ እንስሳት የት አሉ? አንዱ ወደ ሌላው ሲለወጥ የሚያሳይ ቅሪት አለ?

አለ፣ ያውም ብዙ። ከሁሉም የምወደው የዓሣ ነባሪ ታሪክ ነው፤ ማስረጃውን ማንም ሰው በራሱ ቤት ሊይዘው ስለሚችል።

ለፋሲካ ወይም ለአረፋ በግ ሲታረድ ከኋላ እግሩ ቁርጭምጭሚት ላይ አንዲት ትንሽ አጥንት ለይተው ያውጡ። አጥበው ሲያገላብጧት ሁለቱም ጫፎቿ ክብ ሆነው መሐላቸው ጎድጎድ ያለ ነው፤ ገመድ እንደሚሄድበት የጉድጓድ መዘውር። ሰኮናቸው የተሰነጠቀ እንስሳት ሁሉ፣ ፍየልም፣ ላምም፣ አሳማም፣ ጉማሬም፣ ይህቺ አጥንት አለቻቸው። ሌላው እንስሳ፣ ፈረስም ሆነ ውሻ፣ በአንድ ወገን ብቻ እንጂ በሁለቱም ጫፍ እንዲህ አይደለችም።

ዓሣ ነባሪ እግር የለውም። ስለዚህ ከየትኛው የየብስ እንስሳ ጋር እንደሚዛመድ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። ፓኪስታን ውስጥ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ፓኪሴተስ የተባለ እንስሳ ተገኘ፤ አራት እግር አለው፣ በየብስ ይሄዳል፣ የጆሮው አጥንት ግን ዛሬ በዓሣ ነባሪ ብቻ የምናየው ዓይነት ወፍራም ነው። ከእርሱ ትንሽ ዘግይቶ የመጣው አምቡሎሴተስ የሚዋኝም የሚራመድም ነበር። ግብፅ በረሃ ውስጥ ከካይሮ በደቡብ ምዕራብ ዋዲ አል ሂታን በሚባለው ሸለቆ ደግሞ ባዚሎሳውረስ የተባሉ ግዙፍ የባሕር ዓሣ ነባሪዎች አሸዋው ላይ ተዘርግተው ይገኛሉ። ርዝመታቸው ከ15 ሜትር በላይ ነው፤ ሆኖም ጭን፣ ጉልበትና ጣት ያላቸው ትንንሽ የኋላ እግሮች አሏቸው። ሰውነታቸውን ሊሸከሙ ከቶ የማይችሉ እግሮች ናቸው። በ2001 ደግሞ ከፓኪስታን የተገኙ የጥንት ዓሣ ነባሪዎች ቁርጭምጭሚት ይፋ ሆነ። ሁለቱም ጫፎቹ መዘውር ናቸው፤ ልክ እንደ በጓ። የዘረ መል ጥናትም ለብቻው ሄዶ እዚያው ደርሷል፤ ለዓሣ ነባሪ ዛሬ በሕይወት ካሉት ሁሉ የቅርብ ዘመዱ ጉማሬ ነው።

ሌላው ምሳሌ ቲክታሊክ ነው። ከ385 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዓሦች እንደነበሩ፣ ከ365 ሚሊዮን ዓመት በፊት ደግሞ አራት እግር ያላቸው እንስሳት እንደነበሩ ይታወቅ ነበር። ተመራማሪዎቹ መሐል ላይ ያለው 375 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የወንዝ ደለል የት እንዳለ በካርታ ፈለጉ፤ ሰሜን ካናዳ፣ ኤልስሚር ደሴት ላይ አገኙት። በብርዱ ውስጥ ዓመታት ፈጅተው በ2004 የሚፈልጉትን እንስሳ አወጡ። ቅርፊትና የዓሣ ክንፍ አለው። ግን አንገት አለው፣ በክንፉ ውስጥም የእጅ አንጓ አጥንቶች አሉ። የት ቦታና በየትኛው ዘመን ድንጋይ ውስጥ እንደሚገኝ አስቀድሞ ተነግሮለት መገኘቱ እኔን ከእንስሳው መልክ የበለጠ ይገርመኛል።

ይህ ሁሉ ስህተት መሆኑን ለማሳየትም መንገዱ ክፍት ነው። ዓባይ በረሃ ላይ ካየነው፣ አንታሎ ከሚባለው የኖራ ድንጋይ ውስጥ፣ ከዛጎሎቹ መሐል፣ አንድ የፍየል አጥንት በትክክል ከነንጣፉ ቢገኝ ስለ ሕይወት ታሪክ የምናውቀው ይናጋል። እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሰው ከዝንጀሮ ነው የመጣው?

ዛሬ ከምናያቸው ዝንጀሮዎችም፣ ጦጣዎችም፣ ቺምፓንዚዎችም አልመጣንም። ከቺምፓንዚ ጋር የጋራ ቅድመ አያት አለን፤ የተለያየነው ከ6 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት ነው። የአጎት ልጅዎ ከእርስዎ አልተወለደም፣ እርስዎም ከእርሱ አልተወለዱም፤ አያት ግን አላችሁ።

ጭላዳን እንኳን እንይ። ዛሬ በኢትዮጵያ ደጋ ገደሎች ላይ ብቻ የቀረ እንስሳ ነው። ቅሪተ አካሉን ስንከተል ግን ወገኖቹ ከደቡብ አፍሪካ እስከ ስፔንና ሕንድ ተሰራጭተው ነበር፤ አፋር ውስጥ ሐዳር ላይም፣ ድንቅነሽ በኖረችበት ምድር፣ ይገኛሉ። የራሱ ረጅም ታሪክ ያለው፣ ሣር መብላትን የተካነ ፍጥረት ነው። ሰው ለመሆን የሚጠብቅ አድርጎ ማየት ለእርሱም ክብር መንሣት ነው።

ድንቅነሽ በእርግጥ ምን አዲስ ነገር ነገረችን?

የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። አገሪቱ ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት የተረሸኑበትን ሌሊት አድራ በነጋው መሆኑ ነው። ሐዳር ላይ አሜሪካዊው ተመራማሪ ዶናልድ ጆሃንሰን ከአፈር ብቅ ያለች የክንድ አጥንት ቁራጭ አየ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ተሰብስቦ ሲያልቅ ከአንዲት ግለሰብ አፅም 40 በመቶ ገደማ ሆነ። ዕድሜዋ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም።

ምን እንደነገረችን ለመረዳት ከእርሷ በፊት ምን ይታመን እንደነበር ማወቅ ይጠይቃል። ብዙ ሊቃውንት ሰውን ሰው ያደረገው በመጀመሪያ ትልቅ አእምሮው ነው፣ መቆምና መራመዱ ኋላ መጣ ይሉ ነበር። በ1912 እንግሊዝ ውስጥ ፒልትዳውን ላይ «የተገኘው» የራስ ቅልም ይህንኑ የሚደግፍ መሰለ። በ1953 ግን የሰው የራስ ቅል ከኦራንጉታን መንጋጋ ጋር ተገጥሞ፣ ጥርሱ ተሞርዶ፣ ቀለም ተነክሮ የተሠራ ማጭበርበሪያ መሆኑ ተጋለጠ። በመሐሉ፣ በ1924፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተገኘው የታውንግ ሕፃን ትንሽ አእምሮ ይዞ ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ ቢነገርም ለዓመታት ሰሚ አላገኘም።

የድንቅነሽ ዳሌ አጭርና ሰፊ ነው፤ እንደ ሳህን የሆድ ዕቃን ይሸከማል። የጭኗ አጥንት ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያጋድላል፤ ስለዚህ ስትራመድ እግሯ ከሰውነቷ ክብደት በታች ያርፋል። የቺምፓንዚ ጭን ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ሲሄድ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የአእምሮዋ መጠን ግን ከእኛ ሲሶ ያህል ነው። መራመድ ቀድሟል፤ አእምሮ በሚሊዮን ዓመታት ዘግይቶ አደገ። ይህ ክርክር ከዚያ በኋላ በቅጡ ሊነሣ አልቻለም።

ከእርሷ ጋር አንድ ዝርያ የሆነችው ሰላም በ1993 ዓ.ም. ዲኪካ ላይ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ተገኘች። 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ሕፃን ናት። ፊቷ፣ የጎድን አጥንቶቿና ጀርባዋ እንደ ድንጋይ በጠጠረ አሸዋ ውስጥ ተጣብቀው ነበር። ዘረሰናይ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ አሸዋውን በቅንጣት በቅንጣት እያነሣ ዓመታት ፈጀ፤ በ2006 ለዓለም አሳወቃት። በኤክስሬይ ሲታይ ከወተት ጥርሶቿ ሥር ገና ያልወጡት ቋሚ ጥርሶች ተደርድረዋል። የእግሯ አጥንት ተራማጅ፣ ትከሻዋ ግን ዛፍ መውጣት የማይከብደው ነው። እናቷ አዝላት ሄዳ ይሆን ብዬ አስባለሁ፤ ያን አጥንት ሊነግረን አይችልም።

ከድንቅነሽ በፊትስ?

አርዲ አለች፤ 4.4 ሚሊዮን ዓመት። አፋር ውስጥ አራሚስ ላይ በ1994 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የእጅ አጥንት ቁራጭ በማየቱ ተጀመረ። አጥንቷ ሲነኩት የሚፈረፈር ስለነበር ከነአፈሩ በጀሶ ተሸፍኖ አዲስ አበባ ገባ። ጥናቱ የወጣው ከ15 ዓመት በኋላ በ2009 ነው። ብዙዎች «ለምን ዘገየ» ብለው አጉረመረሙ፤ እኔ ግን ያ ትዕግሥት ተገቢ ነበር እላለሁ።

የእግሯ አውራ ጣት እንደ እጅ አውራ ጣት የተለየና ቅርንጫፍ የሚጨብጥ ነው። ዳሌዋ ግን መሬት ላይ በሁለት እግር ለመሄድ የሚያስችል ምልክት አለው። በዙሪያዋ የተለቀመው ደግሞ የእንጨት ቅሪት፣ የፍሬ ዘር፣ ከጉሬዛ ወገን የሆኑ ጦጣዎችና አጋዘን ነው። እነዚህ የሜዳ ሳይሆን የደን ጎረቤቶች ናቸው። ሰው ቀና ብሎ መሄድ የጀመረው ደኑ ጠፍቶ ሣር ሜዳ ላይ ስለወጣ ነው የሚለውን የቆየ ታሪክ ከአርዲ አጥንት ይልቅ ጎረቤቶቿ አናወጡት።

ስሟ ከአፋርኛ ነው፤ «አርዲ» መሬት፣ «ራሚድ» ሥር። ጋርሂ፣ ኢዳልቱ፣ ደይረመዳ የሚሉት የሌሎች ጥንታዊ የሰው ወገኖች የሳይንስ ስሞችም ከዚያው ቋንቋ ናቸው፤ ግርምት፣ አዛውንት፣ የቅርብ ዘመድ። የአፋር አርብቶ አደር ቃል በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ መጠራቱ ያስደስተኛል።

ዘሩም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አልነበረም። እዚያው አፋር ውስጥ ቡርቴሌ ላይ 3.4 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የእግር ቅሪት ተገኝቷል፤ በድንቅነሽ ወገን ዘመን የኖረ ነው፣ አውራ ጣቱ ግን እንደ አርዲ ይጨብጣል። ሁለት ዓይነት አካሄድ ያላቸው ፍጥረቶች በአንድ አገር አብረው ኖረዋል ማለት ነው። ከ2.8 ሚሊዮን ዓመት በፊት ደግሞ የእኛው ወገን የሆነ መንጋጋ ሌዲ ገራሩ ላይ እናገኛለን፤ በ2013 ያየው ኢትዮጵያዊው ተማሪ ቻላቸው ሥዩም ነበር። ጎና ላይ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆኑ የድንጋይ መሣሪያዎች ይከተላሉ።

ለምን አፋር ላይ ብቻ?

አፋር ላይ ብቻ አይደለም፤ ኦሞም፣ ኬንያም፣ ታንዛኒያም፣ ደቡብ አፍሪካም፣ ቻድም አለ። አፋር የታደለው ሦስት ነገር በአንድ ላይ ስላለው ነው። ምድሩ እየተሰነጠቀና እየሰጠመ ደለል ሲያጠራቅም ኖሯል፤ እሳተ ገሞራው አመድ እየጣለ ዘመኑን አትሞበታል፤ ዛሬ ደግሞ ምድረ በዳ ስለሆነ ጎርፍ ሸርሽሮ የተቀበረውን ያወጣዋል። ጫካ ቢሸፍነው ኖሮ ማን ያየው ነበር?

ሳይንቲስቶች ቁጥሩን ይለዋውጡታል። እንዴት እንመን?

ከኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የእኛ ዝርያ የራስ ቅል በ1967 ወጣ። በ2005 ዕድሜው 195 ሺህ ዓመት ተባለ። በ2022 ደግሞ በላዩ ያረፈው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ የመጣ መሆኑ በኬሚካላዊ ይዘቱ ተለይቶ ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት እንደሆነ ታወቀ። አጥንቱ ያው ነው፤ አመዱ የበለጠ ተጠየቀ። ፒልትዳውንን ያጋለጡትም ራሳቸው ሳይንቲስቶች እንጂ ከውጭ የመጣ ዳኛ አይደለም። ልኬቱን እንደገና መለካት የሚቻልበትን ነገር ነው የማምነው።

ከድንቅነሽ አጥንት ዲኤንኤ ማውጣት ይቻላል?

አልተቻለም። ዲኤንኤ በሙቀት ቶሎ ይበጣጠሳል፤ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየው የማሞት (ከምድር የጠፋ የዝሆን ዘመድ) ዲኤንኤ የተገኘው ከሳይቤሪያ በረዶ ውስጥ ነው። የአፋር ሙቀት ለዚህ አይመችም።

ይህን መቀበል ከእምነቴ ጋር ይጋጫል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ በቁም ነገር ስለሚያሳስባቸው። ቅሪተ አካል የሚመልሰው ማን መቼ ኖረ፣ ምን ይመስል ነበር፣ ከማን ጋር ይዛመዳል የሚለውን ነው። ለምን ተፈጠርን፣ እንዴት እንኑር ለሚለው የሚለካ አርጎን የለም። አመዱን የሚለካው ሰው ጸሎተኛ ይሁን አይሁን ቁጥሩ አንድ ነው የሚወጣው፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ጾመው የሚውሉ ሰዎች እንዳሉ በቅርብ አውቃለሁ። የእምነቱን ንባብ ከአባቶችዎ ጋር ይነጋገሩበት። እኔ ክፍል ውስጥ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማስረጃውን ሳያዩ እንዳይቀበሉትም፣ እንዳይጥሉትም።

ሙዚየሙ ውስጥ ያለችው እውነተኛዋ ድንቅነሽ ናት?

ለእይታ የቀረበው ቅጂዋ ነው፤ እውነተኛው አጥንት በተዘጋ ማስቀመጫ ይጠበቃል። ቅጂ ነው ብለው አይዘኑ። እያንዳንዷ ስንጥቅ ሳትቀር የተቀዳ ነው፤ የጭኑን ማጋደልም ቆመው በዓይንዎ ሊያዩት ይችላሉ።

እርሻዬ ላይ ወይም መንገድ ሲሠራ አንድ ነገር ባገኝ ምን ላድርግ?

አያንሡት። ፎቶ ያንሡ፣ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ ያኑሩ፣ ቦታውን በስልክዎ ካርታ ይመዝግቡ፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቁ። ሕጉም ይህንኑ ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ከተነሣ በኋላ ደርሰው ከሆነ ደግሞ ከየት እንደተነሣ ያነሣውን ሰው ወዲያው ይጠይቁ፤ ሳምንት ካለፈ ቦታው ይረሳል።

በየካቲት 2016 ወራንሶ ሚሌ ላይ አንድ የአካባቢው ነዋሪ ከመሬት ብቅ ያለ የላይኛ መንጋጋ አየ፤ የዮሐንስ ኃይለሥላሴን ቡድንም ወደ ቦታው መራ። ቡድኑ ዙሪያውን ሲፈትሽ የቀረው የራስ ቅል ሦስት ሜትር ያህል ርቆ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱ ገጠሙ። 3.8 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረው፣ እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው በጥርስና በመንጋጋ ቁራጭ ይታወቅ የነበረው ዝርያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት አገኘ።